የእርሻ ጋሪና የፀሐይ ብርሃን፦ ከፓኔሉ በፊት ስለሚመጣው ስሌት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርዕሰ ጉዳይ በአንድ ጥያቄ ሊጠቃለል ይችላል። በእርሻ ውስጥ ጭነት የሚያመላልስ፣ በባትሪ የሚሠራ ጋሪ የፀሐይ ፓኔል ቢገጠምለት ምን ያተርፋል? ጥያቄው ቀላል ስለሚመስል መልሱም ብዙ ጊዜ በቀላሉ ይሰጣል። አንዱ ወገን «ፀሐይ በነፃ አለን፤ ፓኔል ከተገጠመለት ጋሪው ያለ ማቋረጥ ይሄዳል» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «አንድ ፓኔል ለስልክና ለአምፖል ይበቃ ይሆናል እንጂ ጋሪ አያንቀሳቅስም» ይላል። ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ሳይቆጥሩ ነው። እኔ ዛሬ ከእናንተ ጋር መቁጠር እፈልጋለሁ።

ፍሬ ነገሩን አስቀድሜ ላስቀምጥ። ፓኔሉ የሚሰጠውን ጥቅም የሚወስነው የጋሪው ውሎ ነው፤ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ በምን ዓይነት መሬት ላይ ይሄዳል፣ በየትኛው ሰዓት ይሠራል፣ በየትኛው ሰዓት የት ይቆማል። ይህን ያወቀ ሰው አንድ ፓኔል ብዙ ሥራ ሊያሠራ ይችላል። ይህን ያላወቀ ሰው ግን ሦስት ፓኔል ገዝቶም ጋሪው መንገድ ላይ ሊቆምበት ይችላል።

ጥያቄው በዚህ ጊዜ የተነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መወሰኑን ተከትሎ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ተሽከርካሪ በከተሞቻችን ጎዳና ላይ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል አብዛኛው ከወንዞቻችን የሚመነጭ ነው። እንግዲህ «ይህን ያህል የውኃ ኃይል እያለን ስለ ፀሐይ መነጋገር ለምን አስፈለገ?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ አጭር ነው። ኃይል በአገር ደረጃ መኖሩና ኃይሉ እርሻው ዳር መድረሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቆጣሪና ሶኬት ከማሳው አጠገብ ያለው፣ መብራቱም የማይጠፋበት ሰው ጋሪውን ከሶኬት ቢሞላ ይሻለዋል፤ ይህን በግልጽ መናገር ይገባል። ዛሬ የምንነጋገረው መስመሩ ስላልደረሰላቸው፣ ቢደርስም መብራት በተደጋጋሚ ስለሚጠፋባቸው እርሻዎች ነው።

ስሌታችን በአየር ላይ እንዳይንሳፈፍ አንድ አካባቢ እንምረጥ። በመቂና በባቱ ዙሪያ፣ በዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ያሉትን የመስኖ ማሳዎች ውሰዱ። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ መሬቱ በአብዛኛው ሜዳ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም በብዛት ይመረትበታል፤ የመስኖው ሥራም የሚበዛው በበጋ ነው። በአዝመራ ጊዜ ምርቱ ከማሳው ውስጥ ተለቅሞ የጭነት መኪና መግባት እስከሚችልበት ቦታ ድረስ በሰው ጀርባ፣ በአህያ ወይም በአህያ ጋሪ ይጓዛል። ይህ ጉዞ አጭር ነው፤ ነገር ግን በቀን ውስጥ ደጋግሞ ይመላለሳል። ቲማቲም ደግሞ መንገጫገጭ የማይወድ ምርት ነው። አጭርና ተደጋጋሚ ጉዞ፣ ዝግ ያለ ፍጥነት፣ ሜዳማ መሬት፤ ለባትሪ ጋሪ ከዚህ የተሻለ ሥራ የለም።

አሁን ጋሪያችንን እንግለጸው። አራት ጎማ ያለው፣ በ48 ቮልት የሚሠራ፣ 150 አምፔር ሰዓት የሚይዝ የእርሳስና የአሲድ ባትሪ የተሸከመ ነው እንበል። ጋሪው ከነባትሪው 500 ኪሎ ግራም፣ ሾፌሩ 70 ኪሎ ግራም፣ ጭነቱ 330 ኪሎ ግራም ቢሆን ጠቅላላው 900 ኪሎ ግራም ይሆናል። ባትሪው የሚይዘው ኃይል 48 ሲባዛ በ150፣ ማለትም 7,200 ዋት ሰዓት ወይም 7.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዲረዝም ከተፈለገ ከግማሹ በታች ማውረድ አይመከርም። ስለዚህ ለሥራ የምንቆጥረው 3.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው።

ጋሪው አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ምን ያህል ይበላል? በሜዳ ላይ በዝግታ ለሚሄድ ጋሪ ዋናው ጠላት ጎማው ሲንከባለል የሚገጥመው ተቃውሞ ነው። በተጠቀጠቀ የአፈር መንገድ ላይ ይህ ተቃውሞ ከጠቅላላ ክብደቱ 4 በመቶ ያህል ነው ብለን እንያዝ። የ900 ኪሎ ግራም ክብደት 8,829 ኒውተን ነው፤ 4 በመቶው 353 ኒውተን ይሆናል። ይህን ገፍቶ 1,000 ሜትር መሄድ 353,000 ጁል፣ ማለትም 98 ዋት ሰዓት ይፈጃል። ሞተሩ፣ ጥርሶቹና የኃይል መቆጣጠሪያው ከባትሪ ከሚወስዱት ውስጥ 70 በመቶውን ብቻ ለጎማው ያደርሳሉ ካልን፣ ከባትሪው የሚወጣው በኪሎ ሜትር 140 ዋት ሰዓት ነው።

ያው ጋሪ በታረሰ ወይም በረጠበ አፈር ላይ ሲገባ ተቃውሞው 10 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ያኔ በኪሎ ሜትር 350 ዋት ሰዓት ይበላል። በ100 ሜትር 5 ሜትር የሚወጣ ዳገት ካጋጠመው ደግሞ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ላይ 175 ዋት ሰዓት ይጨመርበታል። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች አስታውሱልኝ፤ 140፣ 350 እና 175። ጋሪው ያው፣ ጭነቱም ያው ነው፤ የተለያየው መሬቱ ብቻ ነው።

አንድ የሥራ ቀን እንቁጠር። ጋሪው በቀን 12 ኪሎ ሜትር ይመላለሳል፤ ከዚህ ውስጥ 10 ኪሎ ሜትሩ በተጠቀጠቀ መንገድ፣ 2 ኪሎ ሜትሩ በማሳው ውስጥ በለስላሳ አፈር ላይ ነው። ባዶውን ሲመለስ የሚበላው ቢያንስም፣ ለጥንቃቄ ሁልጊዜ ጭነት እንዳለው አድርገን እንቁጠረው። 10 በ140 ሲባዛ 1,400፤ 2 በ350 ሲባዛ 700፤ ድምሩ 2,100 ዋት ሰዓት ነው። የቀኑ ወጪ ይህ ነው።

ወደ ገቢው እንምጣ። በጋሪው ጣሪያ ላይ በምቾት የሚያርፈው አንድ ባለ 400 ዋት ፓኔል ነው፤ ስፋቱ 2 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከ20 ኪሎ ግራም ጥቂት የሚበልጥ ነው። በዚህ አካባቢ በአግድም በተቀመጠ አንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት የፀሐይ ኃይል ያርፋል። 5.5 እንውሰድ። 400 በ5.5 ሲባዛ 2,200 ዋት ሰዓት ነው። ይህ ሁሉ ግን ለሥራ አይደርስም። ፓኔሉ ሲግል ኃይሉ ይቀንሳል፣ አቧራ ይለብሳል፣ በመቆጣጠሪያው ውስጥ ጥቂት ይባክናል፣ ባትሪውም የሰጡትን ሁሉ መልሶ አይሰጥም። ሁሉንም አጠቃልለን 70 በመቶው ይተርፋል ብንል 1,540 ዋት ሰዓት ይሆናል። በቀን 1.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ብለን እንያዘው።

እንግዲህ ገቢው 1.5፣ ወጪው 2.1 ነው። በየቀኑ 0.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ጉድለት አለ። «አንድ ፓኔል ጋሪ አያንቀሳቅስም» ያለው ሰው ተሳስቷል፤ ከወጪው ሁለት ሦስተኛውን የሚበልጥ ሸፍኗልና። «ያለ ማቋረጥ ይሄዳል» ያለውም ተሳስቷል። ፓኔል የሌለው ጋሪ ሁለት የሥራ ቀን ሳይሞላ ከሚገባው በታች ይወርዳል። ፓኔል የተገጠመለት ግን 3.6ን ለ0.6 ስናካፍለው ስድስት ቀን ይሠራል። በየቀኑ ሶኬት ፍለጋ መሄድና በሳምንት አንድ ጊዜ መሄድ ለአንድ አርሶ አደር ትልቅ ልዩነት ነው።

ነገር ግን በሳምንት ስድስት ቀን 0.6 ሲጎድል ድምሩ 3.6 ነው። ጋሪው በዕረፍት ቀን ፀሐይ ላይ ቆሞ ቢውል የሚያገኘው 1.5 ብቻ ነው፤ 2.1 ኪሎ ዋት ሰዓት ሳይሞላ ይቀራል። ሳምንቱ አልተዘጋም። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚያስበው ሁለተኛ ፓኔል መግዛትን ነው። እኔ ግን ወደ ወጪው መለስ ብላችሁ እንድታዩ እጠይቃችኋለሁ። ከ12ቱ ኪሎ ሜትር ውስጥ በለስላሳ አፈር ላይ የሚሄዱት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ የሚበሉት ግን የቀኑን ሲሶ ነው። ያንን መተላለፊያ በጠጠር ወይም በገረጋንቲ አጠንክሮ በደንብ ቢጠቀጥቁት ወጪው 12 በ140፣ ማለትም 1,680 ዋት ሰዓት ይሆናል። የቀኑ ጉድለት ወደ 0.18 ይወርዳል። በስድስት ቀን 1.08 ነው። የዕረፍቱ ቀን 1.5 ይሰጣል። ሳምንቱ ተዘጋ፤ ያለ ሶኬት፣ ያለ ጀነሬተር፣ በአንድ ፓኔል።

ተማሪዎቻችን ይህን ልብ እንዲሉት እፈልጋለሁ። እዚህ ላይ ሁለተኛውን ፓኔል የተካው አካፋና ዶማ ነው። የምህንድስና ሥራ ሁልጊዜ ዕቃ መጨመር አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ብክነቱ የት እንዳለ አይቶ እዚያ ላይ መሥራት ነው። የጎማ ነፋስ መጠበቅ፣ የማያስፈልግ ክብደት ማውረድ፣ ፍሬኑ ጎማውን ይዞት አለመቅረቱን ማየት፣ እነዚህም ሁሉ በገቢው በኩል እንደ ተጨመሩ የሚቆጠሩ ናቸው።

አሁን ወደ ባትሪው ልሻገር፤ ምክንያቱም በእኔ አመለካከት የፓኔሉ ትልቁ ውለታ ያለው እዚህ ላይ ነው። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ የተፈለሰፈው በ1859 እ.ኤ.አ. ነው፤ የዛሬው ዓይነት የሲሊኮን የፀሐይ ሕዋስ ደግሞ በ1954 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ታየ። በመካከላቸው ወደ አንድ መቶ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ቢኖርም አንዱ የሌላውን ደካማ ጎን ይደግፋል። የእርሳስ ባትሪ ኃይል ሲሰጥ በሳህኖቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይፈጠራል። ቶሎ ከተሞላ ሰልፌቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሳይሞላ ለቀናትና ለሳምንታት ከቆየ ግን ሰልፌቱ እየጠጠረ ይሄዳል፤ ኋላም በተለመደው አሞላል አይመለስም። ባትሪው መልኩ ደህና ሆኖ የመያዝ አቅሙ ይሞታል። ብዙ የእርሻ ጋሪ ባትሪዎችን የሚገድላቸው ከሥራው ብዛት ይልቅ ጎድለው መቆማቸው ነው። ሥራ የሚቆምበት ወር ይመጣል፣ ጋሪው ሼድ ውስጥ ይገባል፣ በሁለት ወሩ ሲወጣ አይነሣም።

በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚጨምር ፓኔል ይህን ሞት ያዘገያል። ባትሪው የሚወርድበትን ጥልቀት ያሳጥራል፤ ጋሪው ቆሞ በሚሰነብትበት ጊዜም እንዳይጎድል ይጠብቀዋል። ይህ ጥቅም በኪሎ ሜትር አይለካም። ባትሪውን በሁለተኛው ዓመት መለወጥና ከብዙ ዓመት በኋላ መለወጥ ባለው ልዩነት ነው የሚለካው። በትንሽ ካፒታል ለሚንቀሳቀስ ማኅበር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ባትሪው ያለ ጊዜው ሲሞት የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ አባላቱ በአዲሱ ነገር ላይ የነበራቸው እምነት አብሮ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ጋሪው የዶሮ ማደሪያ ይሆናል፤ ቀጣዩንም ሐሳብ የሚሰማ አይገኝም።

ከዚህ በመቀጠል ብዙ ሰው የሚሰናከልበትን አንድ ቴክኒካዊ ጉዳይ ላንሣ። ባለ 48 ቮልት የእርሳስ ባትሪ 24 ሕዋሶች አሉት፤ በሚገባ ለመሙላት 58 ቮልት ያህል ይፈልጋል። አንድ ባለ 400 ዋት ፓኔል በሥራ ላይ የሚሰጠው ግን ብዙ ጊዜ 31 ቮልት ገደማ ነው። ውኃ ዝቅ ካለ ቦታ ወደ ከፍታ በራሱ እንደማይፈስ ሁሉ ከ31 ቮልት ወደ 58 ቮልትም በራሱ የሚሄድ ነገር የለም። በገበያ ላይ የሚገኘው አብዛኛው ቻርጅ መቆጣጠሪያ ደግሞ ከፍተኛውን ቮልቴጅ ዝቅ የሚያደርግ እንጂ ዝቅተኛውን ከፍ የሚያደርግ አይደለም።

«እንግዲያው ሁለት ፓኔል በተከታታይ እናያይዝ፤ 31 እና 31፣ 62 ቮልት ይሆናል፤ ከ58 ይበልጣል» የሚል ሐሳብ ይነሣል። በወረቀት ላይ ትክክል ነው። ነገር ግን ከፓኔሉ ጀርባ የተለጠፈው ቁጥር የተለካው የሕዋሱ ሙቀት 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት ሁኔታ ነው። በቀትር ፀሐይ የፓኔሉ ሙቀት 65 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.35 በመቶ ያህል ቮልቴጅ ቢቀንስ በ40 ዲግሪ ልዩነት 14 በመቶ ይቀንሳል፤ 62ቱ 53 ይሆናል። ባትሪው 58 እየጠበቀ ፓኔሉ 53 ያቀርባል። ማለዳ ላይ የሚሠራ የመሰለው ነገር ፀሐይዋ በበረታችበት ሰዓት ይደክማል፤ ባትሪውም ሁልጊዜ ትንሽ እንደ ጎደለ ይኖራል፤ ሰልፌቱ ይጠጥራል። መፍትሔው ሁለት ነው። ለአንድ ፓኔል ቮልቴጅን ከፍ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ መግዛት፣ ወይም ሦስት ፓኔል በተከታታይ አያይዞ በተለመደው መቆጣጠሪያ መጠቀም። ለጋሪው ጣሪያ የሚሆነው የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው ለሼድ ጣሪያ ነው።

ሼዱን ካነሣን ዘንድ እዚያው ላይ እንቆይ። «ፓኔሉ ለምን ጋሪው ላይ ይጫናል? ሼዱ ላይ ቢተከል አይሻልም ወይ?» ይባላል። ሦስት ፓኔል፣ 1,200 ዋት፣ በሼዱ ጣሪያ ላይ ቢተከል በቀን 4.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን ፀሐይ ባለችበት ሰዓት ጋሪው የት ነው? ማሳ ላይ ነው። ለምሳ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ብቻ ሼዱ ሥር ቢቆም በእነዚያ ሁለት ሰዓታት የሚያገኘው ከቀኑ ምርት ሩብ ያህሉን፣ ወደ 1.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ሦስቱ የሼድ ፓኔሎች በምሳ ሰዓት የሚሰጡት ቀኑን ሙሉ አብሮት ከሚዞረው ከአንዱ የጣሪያ ፓኔል ያንሳል ማለት ነው።

ይህ ማለት ግን የሼዱ ፓኔል የማይረባ ነው ማለት አይደለም። ጋሪው በማለዳና በማታ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ተኩል ድረስ ሼድ ሥር የሚያርፍ ከሆነ፣ ከቀኑ ፀሐይ ግማሹ የሚገኘው በእነዚያ አራት ሰዓታት ነውና ሼዱ ይመረጣል። ማኅበሩ ሦስትና አራት ጋሪ በየተራ የሚያሠራ ከሆነም እንዲሁ። የሼድ ፓኔል አይንገጫገጭም፣ ዘበኛ ይጠብቀዋል፣ ጋሪው ሲያረጅ ለሌላ ሥራ ይተርፋል። ሁለቱን የሚያማርጠው ጋሪው በፀሐይ ሰዓት የሚገኝበት ቦታ ነው።

ፓኔሉ በጋሪው ጣሪያ ላይ እንዲሆን ከተወሰነ አገጣጠሙን በሚመለከት ጥቂት ነገሮችን ላሳስብ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ በችኮላ የተገጠመ ፓኔል በመጀመሪያው ጎርባጣ መንገድ ላይ ይላቀቃል።

አንደኛ፣ ፓኔሉ አግድም ይሁን። በአገራችን ኬክሮስ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በባቱ አካባቢ ሚያዝያ በባተ ሰሞንና በነሐሴ ማብቂያ ገደማ፣ በቀትር በአናታችን ላይ ታልፋለች። ስለዚህ አግድም የተቀመጠ ፓኔል ብዙ አይጎዳም። ጋሪው በቀን ውስጥ ወደ አራቱም አቅጣጫ የሚዞር በመሆኑ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ፓኔል ግማሹን ጊዜ ጀርባውን ለፀሐይ ይሰጣል። የአግድም ፓኔል ጉድለቱ አቧራ መያዙ ነው። በየማለዳው፣ መስተዋቱ ሳይግል፣ በረጠበ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ክብደቱን አስቡ። ፓኔሉና ማቀፊያው አንድ ላይ ከ30 ኪሎ ግራም ሊበልጡ ይችላሉ፤ ይህም በጋሪው ከፍተኛ ቦታ ላይ ያርፋል። ጠርዝ ላይ በሚያዘነብል መንገድ ጋሪው የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል። ማቀፊያው ከቀላል ቱቦላሬ ብረት ተበይዶ ከጋሪው አካል ጋር በቡሎን ይታሠር፤ በፓኔሉና በብረቱ መካከል ላስቲክ ይግባ፤ ንዝረት በዓይን የማይታይ ስንጥቅ በሕዋሶቹ ላይ ያመጣልና።

ሦስተኛ፣ ጥላ። የአንድ ፓኔል ሕዋሶች ተከታትለው የተያያዙ ስለሆኑ በጥቂቶቹ ላይ ያረፈ የቅርንጫፍ ጥላ የፓኔሉን አንድ ሦስተኛ ሥራ ሊያስቆም ይችላል። ሰው ሲያርፍ የግራር ጥላ ይፈልጋል፤ ፓኔሉ ደግሞ ፀሐይ ይፈልጋል። ሾፌሩ ከጥላው ሥር ይረፍ፣ ጋሪው ከጥላው ውጭ ይቁም። ይህች ትንሽ ልማድ በወር ውስጥ ከብዙ ቅባትና ጥገና ትበልጣለች።

አራተኛ፣ ደኅንነት። ከባትሪው አጠገብ ለቀጥታ ፍሰት ኤሌክትሪክ የተሠራ ፊውዝ ይግባ። የቤት መብራት ብሬከር ለዚህ አይሆንም፤ ቀጥታ ፍሰት ሲቋረጥ የሚፈጠረው የእሳት ብልጭታ በቀላሉ አይጠፋምና። መቆጣጠሪያው ሲገጠም መጀመሪያ ባትሪው፣ ቀጥሎ ፓኔሉ ይያያዝ፤ ሲነቀል መጀመሪያ ፓኔሉ ይነቀል። የእርሳስ ባትሪ ሊሞላ ሲቃረብ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፤ የባትሪው ሳጥን መተንፈሻ ይኑረው፣ በአጠገቡም እሳት አይለኮስ። ለመብራት ወይም ለጥሩምባ ሲባል ከተከታታዩ ባትሪዎች ከአንዱ ላይ ብቻ 12 ቮልት መጥለፍ አይገባም፤ ያ ባትሪ ከጓደኞቹ ይለያል፣ ይጎድላል፣ ቀድሞም ይሞታል። አንድ የደከመ ባትሪ ደግሞ ሌሎቹን ይዞ ይወርዳል። ከ48 ወደ 12 ቮልት የሚቀይር መለወጫ መግጠም ነው የሚሻለው። የባትሪ ውኃውንም በየጊዜው ማየት አይዘንጋ፤ ፓኔሉ በየቀኑ ስለሚሞላው ውኃው ቀስ በቀስ ይቀንሳል።

ስለ ሊቲየም ባትሪም የሚጠይቅ እንደሚኖር አውቃለሁ። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ቀላል ነው፣ ከተሰጠው ውስጥ የሚያባክነው ጥቂት ነው፣ ጎድሎ ቢቆይም እንደ እርሳስ አይጎዳም። የሊቲየም ጋሪ ያለው ሰው ፓኔሉን ለባትሪው ሕክምና ሳይሆን ለጉዞ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሆኖም መቆጣጠሪያው ለሊቲየም የሚስማማ ሆኖ መስተካከል አለበት፤ ለእርሳስ በተስተካከለ መቆጣጠሪያ ሊቲየምን መሙላት ባትሪውን ይጎዳል ወይም የባትሪው መጠበቂያ በድንገት እንዲያቋርጠው ያደርጋል።

ስለ ክረምትም ዝም ብዬ ማለፍ አይገባኝም። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ሲከብድ የፀሐዩ ገቢ በቀን ወደ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ሊወርድ ይችላል ብንል ፓኔላችን የሚሰጠው 1.1 ይሆናል። መንገዱ ደግሞ ጭቃ ነው፤ ወጪው ይበዛል። ገቢ በሚያንስበት ጊዜ ወጪ ይጨምራል ማለት ነው። ስለዚህ በክረምት ጋሪው በፀሐይ ብቻ ይሠራል ብሎ ቃል መግባት ትክክል አይደለም፤ ጉዞውን መቀነስ ወይም ሌላ የመሙያ መንገድ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ደግነቱ የመስኖ አዝመራ የሚበዛው በበጋ ነው፤ ሥራው በሚበዛበት ወቅት ፀሐይም ትበዛለች። በክረምት ሥራ ቢቀንስም ፓኔሉ ሥራ አይፈታም፤ የቆመውን ባትሪ ይጠብቃል።

ንግግሬን በአንድ ተግባራዊ ምክር ላጠቃልል። ፓኔል ለመግዛት ያሰበ አርሶ አደር ወይም ማኅበር አስቀድሞ አንድ ደብተር ይግዛ። ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ አራት ነገር ይጻፍ፤ ጋሪው ስንት ጊዜ ተመላለሰ፣ ምን ያህል ጫነ፣ ለስላሳው ወይም ዳገቱ መሬት የቱ ጋ ነው፣ ከቀኑ 4 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ተኩል የት ነበረ። ከዚያ ያንን ደብተር ይዞ ወደዚህ ፋኩልቲ ወይም ወደሚያምነው ባለሙያ ይምጣ። ለተማሪዎቻችንም የምለው ይኸው ነው፤ የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁን ከፓኔሉ አትጀምሩ፣ ከደብተሩ ጀምሩ። ሁለት ሳምንት በማሳ ዳር ቆማችሁ ቁጠሩ። የጋሪው ውሎ ከታወቀ በኋላ የፓኔሉ መጠን፣ ቦታው፣ መቆጣጠሪያውም ራሱን ይነግራችኋል።

አህያ በልቶ ያድራል፣ ሲደክመው ይቆማል፣ ባለቤቱም የሚችለውንና የማይችለውን በልማድ ያውቀዋል። አዲሱ ጋሪ ከአህያው ቦታ ሊገባ የሚችለው ባለቤቱ ይህንኑ ያህል ሲያውቀው ነው፤ ምን እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚጠግብ፣ ምን እንደሚጎዳው። ያ ዕውቀት በአርሶ አደሩ እጅ እንዲገባ ማድረግ ከፓኔሉ ይልቅ የእኛ፣ የመምህራኑና የተማሪዎቹ፣ ድርሻ ነው።

 አሁን ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜው ክፍት ነው።